የአልኮል ድራግ ሞተር ነዳጅ ቁጥጥር፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ጥያቄ የሚያቀርቡልኝ አብዛኞቹ መካኒኮች ናቸው። ካርቡሬተር ሲፈቱና ሲገጥሙ ያደጉ፣ ዛሬ ደግሞ በኮምፒውተር የሚመራ ኢንጀክሽን የሚጠግኑ ሰዎች፣ በአሜሪካ የድራግ ውድድር (ከቆሙበት ተነሥቶ ቀጥ ባለ አጭር መስመር ላይ በሚደረግ ሽቅድምድም) ላይ የሚያዩት የአልኮል መኪና ግራ ያጋባቸዋል። ካርቡሬተር የለውም፣ ነዳጁን የሚያዝ ኮምፒውተርም የለውም፤ ሆኖም 402 ሜትሩን በአምስት ሰከንድ ተኩል ገደማ ጨርሶ በሰዓት ከ430 ኪሎ ሜትር በላይ እየበረረ ያልፋል። እኔም ከአዲስ አበባ ጋራዥ ወጥቼ መጀመሪያ እንዲህ ካለ ሞተር አጠገብ የቆምኩ ቀን ተመሳሳይ ግራ መጋባት ደርሶብኛል። እዚህ የምመልሰው በዋናነት በአሜሪካው የድራግ ውድድር ማኅበር በናሽናል ሆት ሮድ አሶሲዬሽን ሥር ስለሚወዳደሩት፣ ሱፐርቻርጀር (አየር ጨምቆ ወደ ሞተሩ የሚያስገባ መሣሪያ) ስላላቸው የቶፕ አልኮል ምድብ መኪናዎች ነው።

«አልኮል» ሲባል የትኛው ነው? ከስኳር ፋብሪካ የሚወጣው ነው?

አይደለም። ከሞላሰስ የሚጣራውና በአገራችን ከቤንዚን ጋር ሲደባለቅ የቆየው ኤታኖል ነው። በእነዚህ ሞተሮች ውስጥ የሚነደው ሜታኖል ነው። ሁለቱም እንደ ውኃ የጠሩ ስለሆኑ በዓይን አይለዩም። ሜታኖል ግን ብርቱ መርዝ ነው፤ ጥቂቱ ዓይን ያጠፋል፣ በዛ ካለ ይገድላል፣ በመጠጣት ብቻ ሳይሆን በቆዳና በትንፋሽም ወደ ሰውነት ይገባል። ጓንት ሳያጠልቁ የነዳጅ መስመር አይፍቱ። ይህን ከሁሉ በፊት ያስቀመጥኩት ሆን ብዬ ነው።

ቤንዚን እያለ ሜታኖል ለምን ተመረጠ?

ዋናው ምክንያት ማቀዝቀዙ ነው። ሱፐርቻርጀር አየሩን ሲጨምቀው አየሩ ይግላል፤ የጋለ አየር ደግሞ ድብልቁ ካንዴላው ካቀጣጠለው በኋላ በሥርዓት መንደዱን ትቶ በአንድ ጊዜ እንዲፈነዳ ያደርጋል። ያ ፍንዳታ ፒስተን ይበሳል። ሜታኖል ሲተን በእያንዳንዱ ኪሎ ግራም 1,100 ኪሎ ጁል ያህል ሙቀት ይወስዳል፤ ቤንዚን የሚወስደው የዚህን ሲሶ ያህል ብቻ ነው።

በዚያ ላይ ወደ ሞተሩ የሚገባው ሜታኖል በመጠኑ እጅግ ይበልጣል። አንድ ኪሎ ቤንዚን ሙሉ ለሙሉ ለመቃጠል 14.7 ኪሎ አየር ይፈልጋል። አንድ ኪሎ ሜታኖል ግን 6.5 ኪሎ ገደማ ይበቃዋል፤ ከራሱ ክብደት ግማሹ ኦክስጅን ስለሆነ። የአልኮል ሞተር አስተካካዮች ከዚህም አልፈው ድብልቁን ሆን ብለው ያወፍሩታል፤ ለአንድ ኪሎ ነዳጅ አምስት፣ አንዳንዴም አራት ኪሎ አየር ብቻ እስኪደርስ ድረስ። ሜታኖል እንዲህ ወፍሮም ይነዳል። ቤንዚን በዚህ መጠን ቢወፍር ኖሮ ሞተሩ ይታፈን ነበር።

መጠኑን ለመገመት አንድ ስሌት እንሥራ። 8 ሊትር ሞተር በደቂቃ 9,000 ዙር ሲዞር፣ ሱፐርቻርጀሩም ግፊቱን ከከባቢው አየር ሦስት እጥፍ ሲያደርሰው፣ በደቂቃ ከ100 ኪሎ ግራም ያላነሰ አየር ይውጣል። በአራት ለአንድ ካሰላነው በደቂቃ 25 ኪሎ ግራም ማለትም ከ31 ሊትር በላይ ሜታኖል ይሆናል። ያ ሁሉ ሲተን የሚወስደው ሙቀት ከ450 ኪሎ ዋት ይበልጣል። እነዚህ መኪናዎች ራዲያተር የላቸውም፤ የሚያቀዘቅዛቸው የሚያነዱት ነዳጅ ራሱ ነው። ስለዚህ የነዳጅ ቁጥጥር ስንል ስለ ጉልበት ብቻ እያወራን አይደለም፤ ሞተሩ ሳይቀልጥ መስመሩን መጨረሱም የሚወሰነው በዚሁ ነው።

ነዳጁ ከታንኩ እስከ ሲሊንደሩ በምን መንገድ ይሄዳል?

ታንኩ የሚቀመጠው ከሞተሩ ወደ ፊት ነው። መኪናው ሲነሣ የመጀመሪያውን 18 ሜትር ከአንድ ሰከንድ በታች ስለሚያልፍ፣ ነዳጁ ወደ ኋላ በኃይል ይገፋል፤ ታንኩ ከፊት ከሆነ ያ ግፊት ራሱ ፓምፑን ይመግበዋል። ፓምፑ ኤሌክትሪክ የሌለው፣ ከሞተሩ ፊት ለፊት ተገጥሞ በካምሻፍቱ ፍጥነት ማለትም በሞተሩ ግማሽ ፍጥነት የሚዞር ነው።

ከፓምፑ የወጣው ነዳጅ ለሁለት ይከፈላል። አንዱ መንገድ በባረል ቫልቭ በኩል ወደ ሞተሩ ይሄዳል። ባረል ቫልቭ ከነዳጅ መስጫ ፔዳሉ ጋር በዘንግ የተያያዘ፣ ውስጡ የሚዞር ክብ አካል ያለው ቫልቭ ነው፤ ፔዳሉ ሲረገጥ የአየር መክፈቻዎቹም እሱም አብረው ይከፈታሉ። ከዚያ ነዳጁ ወደ ማከፋፈያው፣ ከማከፋፈያው በቀጫጭን ቱቦዎች ነዳጁን ወደሚረጩት ኖዝሎች ይደርሳል። ጥቂቶቹ ኖዝሎች ከሱፐርቻርጀሩ አናት ላይ ባለው አየር ማስገቢያ ውስጥ ናቸው፤ ተወዳዳሪዎች ይህን ክፍል «ኮፍያ» ይሉታል። ሌሎቹ ከሱፐርቻርጀሩ በታች በየሲሊንደሩ መግቢያ ላይ ናቸው። በእያንዳንዱ ኖዝል ውስጥ የካርቡሬተር ሰው በደንብ የሚያውቀው ዓይነት ጂግለር፣ ማለትም ቀዳዳው የተለካ ትንሽ የነዳጅ ማሳለፊያ አለ።

ሁለተኛው መንገድ ነዳጁን ወደ ታንኩ ይመልሰዋል። የሥራው ሁሉ ቁልፍ ይህ የመመለሻ መስመር ነው፤ ከታች እመለስበታለሁ።

ይህን አሠራር ማን ጀመረው?

ስሙ ጎልቶ የሚነሣው ስቱዋርት ሂልቦርን ነው። በካሊፎርኒያ ደረቅ ሐይቆች ላይ በሚሽቀዳደምበት መኪና ላይ ራሱ የሠራውን ሜካኒካዊ ኢንጀክሽን ገጠመ፤ መኪናውም በ1948 በሰዓት 150 ማይል፣ ማለትም 241 ኪሎ ሜትር አለፈ። በዛሬዎቹ ሞተሮች ላይ ያለው አሠራር በመሠረቱ ከዚያ የወረደ ነው።

ታዲያ አስቸጋሪው ምኑ ላይ ነው?

ፓምፑ የሚያውቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የሞተሩን ዙር። ዙሩ እጥፍ ሲሆን የሚገፋው ነዳጅም እጥፍ ይሆናል። ቀዳዳዎቹ ደግሞ ስለማይሰፉ፣ እጥፍ ነዳጅ በዚያው ቀዳዳ እንዲያልፍ ግፊቱ አራት እጥፍ መሆን አለበት። በደቂቃ 4,000 ዙር ላይ 20 ፒ.ኤስ.አይ (ፓውንድ በካሬ ኢንች) የነበረው የነዳጅ ግፊት በ8,000 ዙር ላይ 80 ይሆናል ማለት ነው።

አየሩ እንዲህ ቀጥ ብሎ አይሄድም። ፔዳሉ ሳይረገጥ አየሩ ጥቂት ነው፣ ሲረገጥ በቅጽበት ይጎርፋል፤ በመካከለኛ ዙር ላይ ሲሊንደሮቹ ጥሩ ይሞላሉ፣ በከፍተኛ ዙር ላይ ቫልቮቹ ተከፍተው የሚቆዩበት ጊዜ ስለሚያጥር በየዙሩ የሚገባው ይቀንሳል። የቀኑ ሙቀት ይለውጠዋል፣ የቦታው ከፍታ ይለውጠዋል፣ የሱፐርቻርጀሩ መዘውር (ሱፐርቻርጀሩን የሚያዞረው ፑሊ) ይለውጠዋል። ፓምፑ ይህን ሁሉ አያይም። ስለዚህ የነዳጅ አስተካካዩ ሥራ ዙር ብቻ የሚያውቀውን ፓምፕ አየር እንዲከተል ማድረግ ነው። ይህን የሚያደርገው ፓምፑን ከፍ ዝቅ በማድረግ አይደለም። ሆን ብሎ ከሚያስፈልገው በላይ የሚገፋ ፓምፕ ይመርጥና ትርፉን በተለያየ ጊዜ፣ በተለያየ መጠን ወደ ታንኩ ይመልሳል።

«ክኒን» የሚሉት ምንድን ነው? ቀዳዳው ሲሰፋ ሞተሩ ነዳጅ ይበዛለታል ወይስ ያንሰዋል?

ያንሰዋል። ከካርቡሬተር የመጣ ሰው ሁሉ የሚስትበት ቦታ ይህ ነው፤ እኔም ስቻለሁ። የመጀመሪያ ሰሞን ድብልቁን ወፈር አድርግ ተብዬ የተሻለ ሰፊ ቀዳዳ ያለውን መርጬ ልገጥም ስል፣ የቡድኑ አለቃ እጄን ያዘና ቀዳዳውን ወደ ፀሐይ አንሥቶ አሳየኝ። «ይህ ወደ ሞተሩ አይሄድም፤ ወደ ታንኩ ይመለሳል» አለኝ። ከዚያ በኋላ ተሳስቼ አላውቅም።

ክኒን ማለት መካከሉ ላይ በጥንቃቄ የተበሳ፣ ከሸሚዝ ቁልፍ የማይበልጥ ክብ ብረት ነው። በመመለሻ መስመሩ ላይ ባለ መያዣ ውስጥ ይቀመጣል። ቁጥሩ የሚነገረው በኢንች ሺህኛ ነው፤ «100» ከተባለ ቀዳዳው 0.100 ኢንች፣ በሚሊ ሜትር 2.54 ነው። ቀዳዳው ሲሰፋ ብዙ ነዳጅ ወደ ታንኩ ይመለሳል፣ ሞተሩ ይሳሳል። ሲጠብ ጥቂት ይመለሳል፣ ሞተሩ ይወፍራል።

የአንድ ለውጥ ኃይል ምን ያህል ነው? ፓምፑ ከሚገፋው ነዳጅ 15 በመቶው በክኒኑ በኩል ይመለሳል እንበል። 100ውን አውጥተን 105 ብንገጥም የቀዳዳው ስፋት 10 በመቶ ያድጋል፤ ወደ ሞተሩ የሚሄደው ነዳጅ ግን የሚቀንሰው 1.5 በመቶ ያህል ብቻ ነው። በሁለቱ ክኒኖች መካከል ያለው የዲያሜትር ልዩነት ከአንድ ወረቀት ውፍረት እምብዛም አይበልጥም። እንዲህ ያለ ትንሽ እርምጃ የሚያስችል መሆኑ ነው ክኒኑን የሚያስወድደው። ኖዝሎቹን በሙሉ መቀየር ሳያስፈልግ፣ በሁለት ሩጫዎች መካከል ባለው አጭር ጊዜ፣ ፍሪሲዮኑ ተፈትቶ ዘይቱም እየተቀዳ ሳለ፣ አንድ ሰው በአንድ ቁልፍ መላውን ሞተር ጥቂት ያሳሳዋል ወይም ያወፍረዋል።

ሞተሩ ሥራ ፈት ላይ ሲሆንስ ነዳጁን ምን ይቆጣጠረዋል?

ባረል ቫልቩ። ፔዳሉ ሳይረገጥ ባረሉ ሙሉ ለሙሉ አይዘጋም፤ ጠባብ ክፍተት ይተዋል። ይህን ክፍተት የምንለካው የተጨመቀ አየር በመላክ ስንት በመቶው እንደሚያልፍ በሚያሳይ መለኪያ ነው። የቡድኑ መዝገብ ላይ የሚሰፍረውም ይህ መቶኛ ነው፤ ዘንጉን በዓይን አይቶ «ይሄ ይበቃል» ማለት አያዋጣም። ከሲሊንደሮቹ መግቢያ ኖዝሎች ፊት ደግሞ በቂ ግፊት እስኪመጣ የማይከፈት ባለ ሞላ ቫልቭ ይገጠማል። ስለዚህ በሥራ ፈት ላይ ሞተሩን የሚመግቡት የኮፍያው ኖዝሎች ብቻ ናቸው፤ ፔዳሉ ሲረገጥና ግፊቱ ሲነሣ የታችኞቹ ይከፈታሉ።

ይህ ክፍል ችላ ሲባል መኪናው መነሻው መስመር ላይ ሳይደርስ ይበላሻል። ሥራ ፈቱ በጣም ከወፈረ ሾፌሩ ተራውን እየጠበቀ ሳለ ካንዴላዎቹ ይረጥባሉ፣ ሲነሣም አንድ ወይም ሁለት ሲሊንደር ሞቶ ይነሣል።

ሩጫው መሐል ላይ ነዳጁን ለምን ይቀንሱታል? አደገኛ አይደለም?

አደገኛ ነው፤ ግን ያለ እሱ ማሸነፍ አይቻልም። ሲነሣ ሞተሩ ከባድ ሸክም ላይ ነው፣ ነዳጁን ይፈልገዋል። ወደ መጨረሻው ሲቃረብ ግን ከላይ እንዳልኩት በየዙሩ የሚገባው አየር ይቀንሳል፤ ፓምፑ ደግሞ ይህን ሳያውቅ በዙሩ ልክ መግፋቱን ይቀጥላል። ዝም ከተባለ ሞተሩ እየወፈረ፣ ጉልበቱ እየደከመ ይሄዳል።

ለዚህ ሁለት መላዎች አሉ። የቆየው ባለ ሞላ የመመለሻ ቫልቭ ነው። የነዳጅ ግፊት ከዙር ጋር ስለሚያድግ፣ ሞላው በተወሰነ ግፊት እንዲከፈት ከተስተካከለ በተወሰነ ዙር ላይ ይከፈታል ማለት ነው። ከሞላው ሥር ቀጭን ሮንዴላ ሲጨመር ዘግይቶ ይከፈታል፣ ሲቀነስ ቀድሞ። ሁለተኛው መላ የሰዓት ቆጣሪ ነው። መኪናው ከተነሣበት ቅጽበት ጀምሮ ቆጥሮ በተወሰነ ሰከንድ ላይ አንድ ተጨማሪ የመመለሻ መንገድ ይከፍታል፤ ያ መንገድም የራሱ ክኒን አለው።

እኔ የምመርጠው ሁለቱን አብሮ መጠቀም ነው። ሞላው የሚከተለው ግፊቱን ስለሆነ፣ ማርሽ ሲቀየርና ዙሩ ሲወርድ ተመልሶ ይዘጋል፤ ሞተሩ ሸክሙ ሲመለስበት ነዳጁም ይመለስለታል። ሰዓቱ ግን ምን እንደተፈጠረ አያውቅም። ጎማው ተንሸራትቶ ሾፌሩ ፔዳሉን ለቅቆ እንደገና ቢረግጥ እንኳ ሰዓቱ በተቀጠረለት ቅጽበት ነዳጁን ይቀንሰዋል። ስለዚህ ሰዓቱን ለትንንሽ እርማት እንጂ ለትልቁ ሥራ አልሰጠውም።

ከኮፍያው የሚገባውና ከታች የሚገባው ነዳጅ ልዩነቱ ምንድን ነው?

ከኮፍያው የሚገባው የሱፐርቻርጀሩን ተሽከርካሪ ክፍሎች አቋርጦ ያልፋል። ያቀዘቅዛቸዋል፣ በመካከላቸው ያለውን ክፍተት አየር እንዳያፈስ እርጥብ አድርጎ ይዘጋል፣ አየሩንም ገና ሲጨመቅ ያበርደዋል። ድክመቱ ክፍፍሉ ነው፤ እርጥብ አየር ወደ ስምንት ሲሊንደሮች ሲሰራጭ እኩል አይደርስም። የታችኞቹ ኖዝሎች ያንን ያርማሉ። አንደኛው ሲሊንደር ከሌሎቹ የሚግል ከሆነ የእሱን ጂግለር ብቻ ጥቂት ማስፋት ይቻላል።

ብዙዎች የማያስተውሉት አንድ ነገር አለ። የኮፍያው ኖዝሎች የሚረጩት ወደ ከባቢው አየር ነው፤ የታችኞቹ ግን የሚረጩት ሱፐርቻርጀሩ ጨምቆ በሞላው ክፍል ውስጥ ነው። የነዳጁ ግፊት 80 ፒ.ኤስ.አይ ቢሆንና የአየሩ 30 ቢሆን፣ የታችኛውን ኖዝል የሚገፋው ልዩነቱ ማለትም 50 ብቻ ነው። የሱፐርቻርጀሩ ግፊት በጨመረ ቁጥር የታችኞቹ ድርሻ ይቀንሳል፤ ያ ነዳጅም ወደ ኮፍያውና ወደ መመለሻው ይሄዳል። መዘውር ቀይሮ የአየሩን ግፊት ያሳደገ ሰው ነዳጁን በዚያው ልክ ካላሳደገ በሁለት በኩል ይሳሳል፤ አየሩ ይጨምራል፣ ከታች የሚገባው ነዳጅም ይቀንሳል።

የአየር ጠባይና ከፍታ ምን ያህል ይለውጠዋል?

ብዙ። አየሩ ከ15 ዲግሪ ወደ 35 ዲግሪ ቢሞቅ ጥግግቱ 6.5 በመቶ ያህል ይቀንሳል። ፓምፑ ያንን አያውቅም። ስለዚህ ጠዋት ፍጹም የነበረ ማስተካከያ ከሰዓት በኋላ ወፍራም ይሆናል፣ ማታ ፀሐይ ስትጠልቅ ደግሞ ወደ አደገኛው ቀጭን ጎን ይሄዳል። የማታው ሩጫ ነው ሞተር የሚበላው፤ አስተካካዩ ከሰዓት በኋላ ያሳሳውን ረስቶ ሳይመልስ ሲቀር። እያንዳንዱ ቡድን ሙቀት፣ እርጥበትና የአየር ግፊት የሚለካ መሣሪያ ይዞ የሚዞረው ለዚህ ነው።

ከፍታን በተመለከተ አሜሪካውያን ለዓመታት ሲፈተኑበት የኖሩት በኮሎራዶ የነበረው ባንዲሚር ስፒድዌይ ነው፤ በ2023 እስከተዘጋበት ጊዜ ድረስ ከባሕር ጠለል በላይ ከ1,700 ሜትር በላይ ላይ ይሮጥበት ነበር። እኛ ግን የምንኖረው ከዚያም በላይ ነው። በአዲስ አበባ ከፍታ የአየሩ ግፊት ከባሕር ጠለል ጋር ሲነጻጸር በሩብ ያህል ያንሳል። ለባሕር ጠረፍ ከተማ የተስተካከለ ካርቡሬተር ያለው አሮጌ መኪና አዲስ አበባ ሲገባ ለምን ጥቁር ጭስ እንደሚያወጣና ቤንዚን እንደሚበላ የሚያውቅ መካኒክ፣ የአልኮል ሞተርን የከፍታ ጠባይ ግማሹን ያውቀዋል። የቀረው ግማሽ ሱፐርቻርጀሩ ነው፤ ደንቡ በሚፈቅደው መጠን መዘውሩን ለውጦ በፍጥነት በማዞር የጠፋውን አየር በከፊል መመለስ ይቻላል።

ማስተካከያው ልክ መሆኑ በምን ይታወቃል?

ከካንዴላው፣ ከጭስ ቱቦው ሙቀትና ከመዝገቡ። በስምንቱም የጭስ ቱቦዎች ላይ ሙቀት ለኪ ይገጠማል፤ የመረጃ መቅጃው የእያንዳንዱን ሲሊንደር ሙቀት፣ ዙሩን፣ የነዳጁንና የአየሩን ግፊት በየቅጽበቱ ይመዘግባል። መረጃው ግን ካንዴላ ማየትን አይተካም።

አንድ ጊዜ ያየሁትን ልንገራችሁ። ከሩጫ በኋላ ካንዴላዎቹን ስፈታ ሰባቱ ጤነኛ ነበሩ። በስምንተኛው ነጭ ሸክላ ላይ ጥቃቅን የሚያብረቀርቁ ነጠብጣቦች ተረጭተውበታል፣ ልክ ብር የተነሰነሰበት ይመስላል። ያ ብር የፒስተኑ አሉሚኒየም ነው። ቴስታታውን ስናነሣ የፒስተኑ ጠርዝ ተበልቷል። ኖዝሉን ፈትተን ወደ ብርሃን ብናነሣው በጂግለሩ ቀዳዳ ውስጥ ነጭ ጭረት ተቀርቅሯል፤ የቱቦ መገጣጠሚያ ሲታሰር ከተጠቀለለው ማሸጊያ የተቀደደ ነው። ያንን መገጣጠሚያ ያሰርኩት እኔ ነበርኩ። ከዚያ ወዲህ በነዳጅ መስመር ላይ ማሸጊያ ፕላስቲክ አልጠቀልልም፣ ማንኛውም ቱቦ ከተፈታ በኋላም ኖዝሎቹን ሁሉ ሳላጥብ ሞተር አላስነሣም።

ሲሳሳና ሲወፍር የሚደርሰው ጉዳት አንድ ነው?

አይደለም። ሲወፍር ገንዘብ ይከስራሉ፤ ሲሳሳ ሞተሩን ይከስራሉ። ከመጠን ያለፈ ነዳጅ ካንዴላውን ያጠፋል፣ ያልተቃጠለው ፈሳሽ የሲሊንደሩን ግድግዳ ዘይት አጥቦ ወደ ታች ይወርዳል፤ ዘይቱ ሲቀዳ ማኪያቶ መስሎ ይወጣል። የሳሳ ድብልቅ ግን ፒስተን ያቀልጣል፣ የጭስ ማውጫ ቫልቭ ያቃጥላል፣ ጓርኒሲዮን ይበላል። ከሁሉ የከፋው ወደ ኋላ መፈንዳት ነው። የሳሳ ድብልቅ ቀስ ብሎ ስለሚነድ፣ የመግቢያው ቫልቭ ሲከፈት እሳቱ ገና ሳይጠፋ ሊጠብቅ ይችላል። ያን ጊዜ ነበልባሉ በሱፐርቻርጀሩ ሥር የታጨቀውን ድብልቅ በሙሉ ያቀጣጥለዋል። ሱፐርቻርጀሩ በጠንካራ ማሰሪያዎች ከሞተሩ ጋር የሚጠፈረው፣ ከሥሩም ሆን ተብሎ ቀድሞ የሚበጠስ የማስተንፈሻ ሳህን የሚገጠመው ለዚህ ነው።

በዚህ ዘመን ኮምፒውተር ለምን አይሠራውም?

ይችል ነበር። ለምሳሌ በፕሮ ሞድ ምድብ ኤሌክትሮኒክ ኢንጀክሽን አለ። በቶፕ አልኮል ግን ሞተሩን በሩጫ ላይ እያነበበ ነዳጁን የሚያስተካክል ኮምፒውተር ደንቡ አይፈቅድም፤ መረጃ መቅዳት ብቻ ነው የሚፈቀደው። ፍራንክ ማንዞ በቶፕ አልኮል ፈኒ ካር 17 ጊዜ ሻምፒዮን የሆነው በእንዲህ ያለ ደንብ ነው። እኔ ደንቡን እወደዋለሁ። ውሳኔው ከመነሻው መስመር በፊት በሰው ጭንቅላት ውስጥ ያልቃል።

ሞተሩ ቀዝቃዛ ሆኖ እንዴት ይነሣል? ሲያበቃስ?

ሜታኖል ከ11 ዲግሪ በታች የሚነድ ትነት አይሰጥም፣ ሞቅ ባለ ቀንም ቢሆን ቀዝቃዛ ሞተር ውስጥ ለመነሣት ያስቸግራል። ስለዚህ አንድ ሰው በኮፍያው በኩል ጥቂት ቤንዚን ከጠርሙስ እየረጨ ሞተሩ ይነሣል፤ ሲሞቅ ወደ ሜታኖሉ ይገባል። ውድድሩ ሲያበቃ ደግሞ መስመሩ በሜታኖል ሞልቶ አይታደርም። ሜታኖል እርጥበት ከአየር ይስባል፣ አሉሚኒየምንና ማግኒዥየምን ይበላል፤ ችላ የተባለ ፓምፕ ውስጥ ነጭ ዱቄት ይገኛል። ታንኩ ባዶ ይደረጋል፣ ፓምፑና ባረል ቫልቩ በዘይታማ ፈሳሽ ይታጠባሉ። የተከፈተ በርሜልም ሳይለካ ለቀጣዩ ሳምንት አይቀመጥም፤ ውኃ የጠጣ ሜታኖል በቁጥሩ ትክክለኛ የሆነውን ክኒን ሐሰተኛ ያደርገዋል።

የሜታኖል እሳት አይታይም የሚባለው እውነት ነው?

እውነት ነው፤ በቀን ብርሃን ነበልባሉ አይታይም ማለት ይቻላል። በ1981 በኢንዲያናፖሊስ 500 ውድድር ላይ ሾፌሩ ሪክ ሜርስ ነዳጅ ሲሞላ የፈሰሰ ሜታኖል ተቀጣጥሎ እሱና ሠራተኞቹ ሲነዱ ከሩቅ ለሚያይ ሰው የሚታየው የሚዘልሉና የሚወራጩ ሰዎች ብቻ ነበሩ። ነዳጅ በሚቀዳበት ቦታ ሁሉ ብዙ ውኃ ያዘጋጁ፤ ሜታኖል ከውኃ ጋር ስለሚደባለቅ ውኃ ያቀጥነዋል፣ ያጠፋዋልም። ከመሬት በላይ አየሩ ሲርገበገብ ካዩ እሳት ነው ብለው ያስቡ።

ይህን ሥራ መማር የሚፈልግ ከምን ይጀምር?

ከደብተር። በእያንዳንዱ ሩጫ ላይ የቀኑን ሙቀት፣ እርጥበትና የአየር ግፊት፣ የገጠሙትን ክኒን፣ የየኖዝሉን ጂግለር፣ የባረል ቫልቩን መቶኛ፣ የመመለሻ ቫልቩ የሚከፈትበትን ግፊት፣ የመዘውሩን መጠንና የስምንቱን ካንዴላዎች መልክ ይጻፉ። በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ይቀይሩ። ፓምፑን በየጊዜው በመፈተሻ ላይ አዙረው በደቂቃ ስንት እንደሚገፋ ይለኩት፤ ያረጀ ፓምፕ ቀስ እያለ ስለሚደክም ሞተሩ ሳይታወቅ ይሳሳል። ክኒኖቹንም በመለኪያ ፒን ይፈትሹ፤ ላያቸው ላይ የተቀረጸው ቁጥርና የቀዳዳው ትክክለኛ ስፋት ሁልጊዜ አይገናኙም። የእኔ የመጀመሪያ ሳጥን ውስጥ ሁለት «95» ነበሩ፤ አንዱ 97 ሆኖ ተገኘ።